የእማማ አስካለ መድፍ

ከሮም ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እሺ፣ ምን አየህ?» ይለኛል። በር አየሁ እላለሁ። ቀልድ መስሎት ይስቃል። እኔ ግን እውነቴን ነው። የእንጨት በር፣ የነሐስ በር፣ ምስማር የተደረደረበት በር፣ ቀለሙ የተላጠ በር አይቻለሁ። ስለ በር የሚጠይቀኝ ካለ እስኪሰለቸው ላወራው እችላለሁ። ያንን ዓለም ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን ትልቅ ክብ ፍርስራሽ ግን ያየሁት ለአፍታ ነው፤ እሱንም ቢሆን ግማሹን አውቶቡስ ሸፍኖብኝ ነበር።

ጥፋቱ የአማቴ ነው። አማትህን በአደባባይ ታማለህ ወይ እንዳትሉኝ፤ እሳቸውም በደረሱበት ሁሉ እኔን ያሙኛል፤ ሒሳቡ የተካከለ ነው።

አማቴ እማማ አስካለ የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነው፤ ቶሮንቶ፣ ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አፓርታማ ውስጥ። እኛ ማለት እኔ፣ ባለቤቴ ሰላምና የሳሎኑ መስኮት ነን። መስኮቱን ከቤተሰብ የቆጠርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እማማ በየቀኑ ጠዋት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ተነስተው ይከፍቱታል። በሐምሌ ቢሆን ማን ይቃወማቸዋል? በጥርም ይከፍቱታል እንጂ! የቶሮንቶን ጥር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁትን ደግሞ እግዜር አያሳውቃችሁ። እኔ ብርድ ልብሴን አናቴ ላይ ጎትቼ «እማማ፣ ምን ሊገባ ነው?» ስላቸው «አየር» ይላሉ። ትንሽ ቆመው ይዘጉትና ይመለሳሉ። ለሰላም አቤት ብል «ሂቲንጉ ከኪራዩ ጋር ኢንክሉድድ ነው፣ ምን አገባህ?» ትለኛለች። እናትና ልጅ ሲሆኑ ዳኛ አይገኝም።

እማማ ካናዳ የገቡት በሮም በኩል ነው። በዚያ በክፉ ዘመን ከአገር ወጥተው፣ የካናዳ ወረቀታቸው እስኪመጣ ድረስ ሮም ውስጥ በአንዲት ሲኞራ ቤት ሠራተኛ ሆነው ቆይተዋል። እንግዲህ የተሰደደ ሰው ወይ የወጣበትን ይናፍቃል፣ ወይ ሊደርስበት ያሰበውን። እማማ የሚናፍቁት ግን መሀል ላይ ያለውን፣ ተቀምጠው የጠበቁበትን ነው። ይህ ነገር ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም ነበር። የሐኪም ቤት ወረፋ የጠበቀበትን ወንበር የሚናፍቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ናፍቆታቸው ደግሞ ለከተማው ሁሉ አይደለም፤ ለአንድ ኮረብታ ነው። ጃኒኮሎ ይባላል። እዚያ ኮረብታ ላይ በየቀኑ ልክ እኩለ ቀን ሲሆን መድፍ ይተኮሳል፤ የከተማው ሰው ሰዓቱን እንዲያውቅ ሲባል ከድሮ የቀረ ልማድ ነው። እማማና ጓደኛቸው እልፍነሽ እሁድ እሁድ እረፍት ነበራቸው። እልፍነሽም እንደ እማማ የሰው ቤት የምትሠራና ወረቀት የምትጠብቅ ነበረች። (እልፍነሽን አንቱ ያላልኳት በእማማ አፍ ስለማውቃት ነው፤ በእማማ አፍ እስከ ዛሬ የሃያ ዓመት ልጅ ናት።) ሁለቱ በየእሁዱ ዳገቱን ወጥተው፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያሳየው ግንብ ላይ ተቀምጠው መድፉን ይጠብቁ ነበር። በኋላ የእልፍነሽ ወረቀት ከአውስትራሊያ መጣ፤ የእማማ ከካናዳ። ሲለያዩ «አንድ ቀን እዚሁ ግንብ ላይ እንገናኛለን» ተባባሉ። ከዚያማ ዕድሜ ልካቸውን በስልክ «በሚቀጥለው ዓመት» ሲባባሉ ኖሩ። ባለፈው ዓመት እልፍነሽ ሜልበርን ውስጥ አረፈች።

ሐዘኑ በረድ ሲል እማማ «ጃኒኮሎን ሳላይ አልሞትም» አሉ።

ችግሩ ጉልበታቸው ነው። አንዱን በቀዶ ጥገና ቀይረውታል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሐኪሙ ዳገትና ደረጃ ከልክሏቸዋል፤ ሮም ደግሞ ከዳገትና ከደረጃ በቀር የሠራችው ነገር ያለ አይመስልም። ሰላም ኢንተርኔት ስትጎረጉር ሰንብታ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ መፍትሔውን ይዛ መጣች።

«ማሚ፣ ቡክ አድርጌላችኋለሁ። ጎልፍ ካርት ነው። ጋይዷ ራሷ እየነዳች ሰባቱንም ኮረብታ ታሳያችኋለች።»

«ሰባት ኮረብታ ምን ያደርግልኛል? እኔ ጃኒኮሎን ነው ያልኩት።»

«እሱ ከሰባቱ ውስጥ የለም፣ ማሚ። ኢሜይል አድርጌላት ግን መጨረሻ ላይ ልክ ለመድፉ አደርሳቸዋለሁ ብላለች። ፕሮሚስ አድርጋለች።»

«አንቺስ?»

«ዴይ ኦፍ አልሰጡኝም። እሱ ይሄዳል።»

እሱ እኔ ነኝ። ኢቶቢኮ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ ማለትም ዕቃ የምታነሳ ትንሽ መኪና፣ እነዳለሁ፤ ስለዚህ ስለ ትንንሽ ተሽከርካሪ ለእኔ የሚነገረኝ የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ።

በቀጠሮው ጠዋት ሆቴላችን ደጅ መጥታ የቆመችው ነገር ባጃጅ ታክላለች። በር የላትም፣ መስኮት የላትም፣ ድምፅም የላትም፤ በባትሪ ነው የምትሄደው። ከፊት ለነጂውና ለአንድ ሰው የሚሆን ወንበር አለ፤ ከኋላ ያለው ወንበር ደግሞ ፊቱን ያዞረው ወደ ኋላ ነው። እማማ ዙሪያዋን ዞረው መረመሯትና «ፈረሱስ?» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ። ነጂዋንም፣ ሲልቪያ ትባላለች፣ አገላብጠው ሳሟት። ሲልቪያ ሁለት ጊዜ ተስማ ልትመለስ ስትል እማማ ገና ግማሽ ላይ ነበሩ።

እዚህ ላይ ስለ እማማ ጣልያንኛ መናገር አለብኝ። ቋንቋውን የተማሩት ከሲኞራዋ ነው። ሲኞራዋ ደግሞ ከትእዛዝ በቀር አነጋግራቸው አታውቅም። ስለዚህ የእማማ ጣልያንኛ ከዳር እስከ ዳር ትእዛዝ ነው፤ እባክሽ የሚባል ነገር አልገባበትም፤ ማን ብሏቸው ያውቃል? «በይ ልጄ፣ እግዜር ይርዳሽ፣ እንሂድ» ለማለት ፈልገው የወጣቸው «ፕሬስቶ! ፕሬስቶ!» ነው። ቶሎ በይ! ማለት ነው። ሲልቪያ ሮጣ መሪዋን ያዘች።

እማማ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ተነሳን። ገና የመጀመሪያውን መንገድ ስንታጠፍ «ፌርማ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቁሚ! ሲልቪያ ሰው የገጨች መስሏት ቀጥ አደረገቻት። እኔም የሌለ ፍሬን ረግጬ እግሬ ታመመኝ።

ቤተ ክርስቲያን ነበር።

እማማ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አልፈው አያውቁም። ዌስተን ውስጥ ይህ ልማዳቸው ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። ከቤታችን እስከ ገበያ ያለው አንድ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ አውቶቡስ ውስጥ እንዳሉ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፉታል። ሰላም ጉዞውን ስታቅድ ስለ ጉልበታቸው አሰበች፣ ስለ መድኃኒታቸው አሰበች፣ ስለ ጫማቸው ሳይቀር አሰበች። ተሳላሚ ሰው ይዞ ሮም መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ግን እሷም አላሰበች፣ እኔም አላሰብኩ። አሁን ሳስበው እንደ እኛ ያለ ሞኝ በየትኛውም አገር ያለ አይመስለኝም።

«እማማ፣ የካቶሊክ እኮ ነው» አልኳቸው።

«በማን ስም ነው የተሠራው?»

ሲልቪያን በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። «በማርያም» አለች።

«በእመቤታችን ነው አለች።»

«ታዲያ እሷን ዝም ብዬ ልለፋት? ደግፈኝ።»

ደገፍኳቸው። ወረዱ፣ ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ በሩን ተሳለሙ፣ ለሰላም ጸለዩ፣ ለእኔም ትንሽ ጨመሩልኝ፣ ወጡ። ተነሳን። ማዞሪያውን እንዳለፍን ሌላ የማርያም። ከዚያ የጴጥሮስና የጳውሎስ ነገር አለበት የተባለ። ከዚያ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ የአንድ ቅዱስ፤ «ስሙን ባላውቀው እሱ እኔን ያውቀኛል» ብለው ወረዱ። ሲልቪያ መጀመሪያ ላይ በጣም ደስ ብሏት ነበር። እኚህን የመሰለ አክባሪ ሰው አይቼ አላውቅም አለችኝ። ከጥቂት በሮች በኋላ ሰዓቷን ማየት ጀመረች። ከዚያም ቆይቶ ግራ ቀኝ እያየች ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ መፈለግ ጀመረች። ለአርባ ዓመት ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። የጥንቱ የሮም ንጉሠ ነገሥት እዚህ ተገደለ፣ እዚያ ተቀበረ እያለች ታወራልናለች፤ የሚሰማት የለም። እማማ በር ያያሉ፣ እኔ ከኋላችን ጡሩንባ የሚነፋብንን የአውቶቡስ ሹፌር አያለሁ። ተላመድን፤ በመጨረሻ እጅ መነሳሳት ሁሉ ጀምረን ነበር።

ከሁሉ የከፋው አረንጓዴ መስቀል ያለበት በር ነው። እማማ ተደግፈው ወረዱ፣ አማተቡ፣ ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ በሩ ራሱ ወለል ብሎ ተከፈተ። መስታወት ነው። ከውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ምን ልታዘዝ በሚል ፊት ያያቸዋል።

«እማማ፣ ፋርማሲ ነው!»

«መስቀል አለበት አይደል?»

«አለበት፤ ግን መድኃኒት መሸጫ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። እንደ መሳቅ አሉና «መድኃኒትስ የማን ነው?» ብለው የበሩን ዳር ተሳለሙ። ሰውየው ወንበር አወጣላቸው። ጉልበታቸውን አሳዩት። ሲልቪያ መሪዋ ላይ ተደፋች።

ይሄኔ ሰላም ደወለች። ቶሮንቶ ገና አልነጋም፤ ለሥራ እየተዘጋጀች ነው።

«ደረሳችሁ?»

«የት?»

«ጃኒኮሎ ነዋ! አሁን እኮ ሰዓቱ እየደረሰ ነው!»

«ፋርማሲ እየተሳለምን ነው።»

በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ እዚህ አልጽፈውም።

በዚህ ጊዜ ነው እኔ ብልጥ የሆንኩት። ከኋላ ያለው ወንበር ወደ ኋላ ነው የሚያየው፤ እማማ እዚያ ቢቀመጡ ቤተ ክርስቲያኑን የሚያዩት ካለፍነው በኋላ ነው፤ ያለፈ ነገር አለፈ፣ እንቀጥላለን። ፀሐይዋ እንዳትመታዎት ብዬ ቦታ ቀየርኳቸው። ሲልቪያን ጠቀስኳት፤ ገብቷት ፈገግ አለች። ተነሳን፤ አንድ ጉልላት በግራችን አለፈ። ዝም። በልቤ ራሴን አደነቅኩ።

«ኢንድየትሮ!»

ወደ ኋላ! ሲኞራዋ ይህንንም አስተምራቸው ኖሯል። ድሮ ቆመን ነበር የምንሳለመው፤ አሁን ወደ ኋላ እየነዳን ሆነ። በሮም ጠባብ መንገድ፣ ከኋላችን መኪናው ተሰልፎ፣ እኛ ጲጥ ጲጥ እያልን ወደ ኋላ! የመጋዘን ጓደኞቼ ቢያዩኝ ፈቃዴን ይነጥቁኝ ነበር። ያቺ ባትሪም ያንን ሁሉ ስትቆምና ስትነሳ፣ ስትሄድና ስትመለስ፣ ዝም ብላ አልነበረም፤ ቂም ይዛብን ነበር።

ወንዙን ተሻግረን ከጃኒኮሎ እግር ስር ስንደርስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀርታ ነበር። ሲልቪያ ዳገቱን በጣቷ አሳየችኝ፤ እንደርሳለን አለች። ያኔ አንዲት ትንሽ፣ የተዘጋች፣ ማንም የማያያት ቤተ ክርስቲያን ጥግ ላይ ቆማ ታየች። እማማ አስቆሙን።

ወረዱ። እኔም ወረድኩና ትዕግሥቴ አለቀ።

«እማማ፣ መድፉ ሊያመልጥዎት ነው! ለዚህ አይደለም እንዴ ውቅያኖስ አቋርጠን የመጣነው?»

ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆዩ።

«ቶሎ ከደረስን ቶሎ ያልቃል» አሉኝ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ምኑ?»

«እስካሁን እኮ አንድ ቀን እንገናኛለን ነበር። ሞታም ቢሆን፣ ግንቡን እስካላየሁት ድረስ እዚያ የተቀመጠች ይመስለኛል። ወጥቼ ባዶውን ካየሁት ምን ቀረኝ?»

ፎርክሊፍት ነጂ ነኝ፤ ከባድ ዕቃ ማንሳት አውቃለሁ፤ ይህንን ግን ከየት በኩል እንደማነሳው አላወቅኩም። አጠገባቸው ቆምኩ።

«እልፍነሽ ተኩስ አትችልም ነበር» አሉ። «ወንድሟን ደጃቸው ላይ፣ ዓይኗ እያየ ነው የገደሉት። የመጀመሪያው እሁድ መድፉ ሲጮህ ግንቡ ስር ተደፍታ መነሳት አቃታት። ከዚያ በኋላ ሊተኮስ ሲል ጆሮዋን በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ እይዝላት ነበር።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ለምን ትወጡ ነበር?»

«እሷ ናት ወደ ላይ ጎትታ የምትወስደኝ። ከዚያ ላይ ከተማው ያምራል። ደግሞስ ጆሮዋን የምይዝላት እኔ አለሁ።» ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «በል ደግፈኝ። እንውጣ።»

ወጣን ማለት ይቻላል። ግማሽ ዳገት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ ባትሪዋ ቂሟን ተወጣች። መጀመሪያ አዘገመች፣ ቀጥሎ አቃሰተች፣ ቀጥሎ ወደ ታች መንሸራተት አማራት። ሲልቪያ ፍሬኑን ይዛ «ግፋ!» አለችኝ። ዘልዬ ወርጄ ከኋላ ገባሁ። እማማ ያሉት ከኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ነው፤ ስለዚህ እኔ ስገፋ ፊት ለፊት ተፋጠጥን። ልውረድና ላግዝህ አሉ፤ ጉልበትዎን ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በኋላ በነበራቸው መሣሪያ ያግዙኝ ጀመር፤ «ፎርዛ! ፕሬስቶ! ፎርዛ!» በርታ! ቶሎ በል! በርታ! ማለት ነው። ቱሪስቶች ቆመው ፎቶ ያነሱናል። በየአገሩ በሰው ስልክ ውስጥ አማቱን በጋሪ የሚገፋ ጥቁር ሰው ይገኛል፤ ካያችሁት እኔ ነኝ።

የከተማው ደወሎች ጀመሩ። እማማ ጸጥ አሉ። ከእኛ በላይ፣ ከግንቡ ስር፣ ወታደሮቹ መድፉ ዙሪያ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። መድረስ አልቻልንም፤ ብለቃት ጋሪዋ ይዛቸው ወንዝ ልትገባ ነው። ሁለት እጄ ብረቱ ላይ ነው፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ቀና ስል እማማ ያዩኛል። እኔን ግን አይመስለኝም። እጆቻቸው በራሳቸው ተነሱና መጥተው ጆሮዎቼን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

መድፉን አልሰማሁትም። በደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ሲያልፍ ተሰማኝ፣ እርግቦች ተነሱ፣ ነጭ ጭስ ወደ ዛፎቹ ሄደ። የሰማሁት የእማማን መዳፍ ብቻ ነው፤ የደም ሥራቸው ይመታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንዳሉ አላውቅም፤ ለእኔ አልነበረም። ጭሱ ከሄደ በኋላም ቶሎ አልለቀቁኝም። እኔም አልቸኮልኩም።

በኋላ ሲልቪያ ስታስነሳት፣ ባትሪዋ አርፋ ኖሮ፣ ያቺ ጋሪ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብላ ወጣች። ንዴቴን ለእናንተ ልተወው። እማማ ግንቡ ላይ ተቀመጡ፤ በቀኛቸው ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትተው። እዚያ ላይ አልተቀመጥኩም፤ በግራቸው ቆምኩ። ከተማው ከታች ተዘርግቷል፤ ጉልላቱ ሁሉ፣ ሳንሳለማቸው የቀሩት ሁሉ። የሲልቪያ ስልክ ደጋግሞ ይጠራል፤ ሌሎች እንግዶች እየጠበቋት ነው። አጠፋችውና ጋሪዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችን።

«እማማ» አልኩ፣ «ጠዋት ጠዋት መስኮቱን የሚከፍቱት...»

«ዌስተን በፈረንጅ ከጠዋቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን እዚህ እኩለ ቀን ነው።»

«ታዲያ ከዚህ እስከዚያ ይሰማል እንዴ?»

«መስኮት ተዘግቶማ ማን ይሰማል?» አሉኝ፣ በንዴት።

ከተመለስን በኋላ ሁለተኛው ጉልበታቸውም ተራው ደርሶት ተቀየረ። አሁን አልጋ ላይ ናቸው። ጋደም እንዳሉ ያዝዙኛል፤ ጣልያንኛውንም እኔው ላይ ቀጥለውበታል። ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ ግን የእሳቸው ድምፅ አይደለም፤ ዝምታው ነው። ሰዓቱን አየሁ። ተነሳሁ፤ በባዶ እግሬ ሄጄ መስኮቱን ከፈትኩት። የየካቲት ብርድ ፊቴን ገረፈኝ። ሰላም ከመኝታ ቤት «አር ዩ ክሬዚ? በረዶ እኮ እየገባ ነው!» ትላለች። ከታች የአየር ማረፊያው ባቡር አለፈ፤ በረዶ ጠራጊው መኪና መንገዱን ፋቀ፤ ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ተሰማ?» አሉኝ እማማ ከክፍላቸው።

«ገና ነው፣ እማማ» አልኳቸው፤ መስኮቱንም ትንሽ ገፋ አደረግኩት።